ማንኛውም በሠላሳ ብር

«እማዬ፣ ደግሞ መጽሐፍ?» አለችኝ ልጄ ባለፈው እሑድ፣ በሩ አጠገብ ያስቀመጥኩትን ጥቁር ፌስታል በእግሯ ጫፍ ገፋ አድርጋ። ውስጡ አራት መጻሕፍት ነበሩ። አራቱንም የገዛሁት በ120 ብር ነው። ከደራሲዎቹ አንዱንም አላውቅም።

«ከማታውቂያቸው ለምን ገዛሻቸው?»

«ስለማላውቃቸው ነዋ!» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያም ሆና «ቤቱ እኮ ሞልቷል» ስትል ይሰማኛል። እውነቷን ነው፤ የኮንዶሚኒየም ቤት ስፋቱ ይታወቃል። ለእሷ በቅጡ ያልመለስኩላትን ዛሬ ለእናንተ ልመልስ።

ባለፈው ወር አንድ የመጽሐፍ መደብር ገብቼ አዲስ የወጣ ልብ ወለድ ዋጋ ጠየቅሁ። 550 ብር ተባልኩ። የደራሲውን ስም ሰምቼ አላውቅም። የጀርባ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ አገላብጬ፣ መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት። በጡረታ የሚኖር ሰው በ550 ብር የማያውቀውን ሰው አይሞክርም። በዚህ ዋጋ የሚገዛው ስሙ የተጠራውን፣ ጎረቤት አንብቦ የመሰከረለትን ነው። በሠላሳ ብር ሲሆን ግን «ባይጥመኝስ?» ብሎ መጨነቅ የለም። ባይጥመኝ የጠፋብኝ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነው። እኔ በሕይወቴ ያገኘኋቸውን ብዙዎቹን ደራሲዎች ያስተዋወቀኝ መምህርም ጋዜጣም አይደለም፤ ርካሽ ዋጋ ነው።

ደንበኛዬ የሆነው መጽሐፍ ሻጭ ድሮ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነበር የሚዘረጋው። የእግረኛው መንገድ ሲሠራ ተነሥቶ፣ ጥቂት ጊዜ ጠፍቶብኝ ከርሞ፣ አሁን ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሥር ጥግ ይዟል። ሁለት ዓይነት ዕቃ አለው። ከጀርባው በተደገፈው መደርደሪያ ላይ ፈላጊ ያላቸው ይቆማሉ፦ ሀዲስ ዓለማየሁ፣ በዓሉ ግርማ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር፣ ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ «እንዴት ሀብታም መሆን ይቻላል» የሚሉት ትርጉሞች። እነዚህ አሮጌም ሆነው ውድ ናቸው። መሬት ላይ በተነጠፈው ሸራ ላይ ደግሞ ክምሩ አለ። ልጁ በካርቶን ላይ «ማንኛውም 30 ብር» ብሎ ጽፎበታል። የቀድሞ ሥርዓተ ትምህርት የኬሚስትሪ መጽሐፍ፣ የእርሻ ጥናት ሪፖርት፣ ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ የፍቅር ልብ ወለድ፣ ኩራዝ ያሳተማቸው፣ ከሞስኮ የመጡ፣ ሁሉም ተደባልቀው ነው ያሉት። እኔ የምጎነበሰው እዚያ ላይ ነው። ወገቤን ስለሚያውቅ ገና ሲያየኝ «ሲስተር፣ ዱካዋን ላምጣ?» ይለኛል። ነርስ መሆኔን ያወቀው አንድ ቀን ጣቱን ምላጭ ቆርጦት ስጠቀልልለት ነው።

የመጀመሪያውን የማላውቀውን ደራሲ ያገኘሁት ግን ከእሱ ዘንድ አይደለም፤ እሱ ያን ጊዜ አልተወለደም። በስሕተትም ነው ያገኘሁት።

ጊዜው 1973 ዓ.ም. ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ተመርቄ አንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቤተሰብ ጠይቄ ልመለስ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አውቶቡስ ተራ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንድ ልጅ ከእምብርቱ እስከ አገጩ መጻሕፍት ደርድሮ አቅፎ በየመስኮቱ ይዞራል። በዚያ ዘመን ከሞስኮ በእንግሊዝኛ እየታተሙ የሚመጡ መጻሕፍት እንደ ልብ ነበሩ፤ ማርክስና ሌኒን መሐል ልብ ወለዱም ተቀላቅሎ ይሸጣል። አንዱ ሽፋን ላይ «ዋርድ ነምበር ሲክስ» የሚል አነበብኩ። ዋርድ ካለማ የሙያ መጽሐፍ ነው፣ ስለ ተኝቶ ታካሚ አያያዝ ነው ብዬ በ75 ሳንቲም ገዛሁት። ሻጩም «የሐኪም ነው» ብሎ አረጋገጠልኝ። አልዋሸም፤ የጻፈው ሐኪም ነበር። ይህን ግን ያን ጊዜ እሱም እኔም አናውቅም።

አንቶን ቼኮቭ እ.ኤ.አ. በ1860 የተወለደ፣ በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀ ሩሲያዊ ነው። አያቱ ነፃነቱን በገንዘብ የገዛ ጭሰኛ ነበር። ገበሬዎችን በነፃ እያከመ፣ ጎን ለጎን እየጻፈ ኖሮ በ44 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። «ዋርድ ቁጥር 6» የወጣው በ1892 ነው፤ በዚያው ዓመት በሚኖርበት ወረዳ ኮሌራን ለመከላከል ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

መጽሐፉን ያነበብኩት በአዳር ተራዬ ነው። ጄኔሬተሩ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚጠፋ በፋኖስ፣ የዶክተር አምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ በሌሊት ሦስትና አራት ገጽ። የሙያ መጽሐፍ አለመሆኑ በመጀመሪያው ገጽ ገባኝ። ሆኖም አልተውኩትም፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ሳማና አረም በከበበው አንድ ለብቻው በቆመ ቤት ነው። የአእምሮ ሕሙማን ይኖሩበታል። ኒኪታ የሚባል ጡረተኛ ወታደር ይጠብቃቸዋል፤ ይደበድባቸዋል። ኒኪታ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ካልተመቱ ሥርዓት አይኖርም ብሎ ከልቡ ስለሚያምን ነው።

በእኛም ሆስፒታል ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አንዲት የብረት በር ያላት ክፍል ነበረች። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ፖሊስ ወይም ቤተ ዘመድ ሲያመጣ፣ ወደ አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የሚወስደው መኪና እስኪገኝ እዚያ ይቆያል። በዚያ ሰሞን አንዲት ሴት ነበረች። ካርዷ ላይ ስም በሚለው ቦታ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ቅጽል ስም አውጥተንላት ነበር፤ ስለማፍርበት አልጽፈውም። ሌሊት ስትጮህ ዘበኛው ይይዛታል፣ እኔ ላርጋክቲል እወጋታለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጋት ነበር። የሐኪሙ ትእዛዝ ግን «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ነው፤ አስፈላጊነቱን የምወስነው እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት የወጋኋት እሷን ስላስፈለጋት አልነበረም። እኔን እንቅልፍ ስለጣለኝ ነው። ይህን ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባሌም ጭምር።

በታሪኩ ውስጥ የሆስፒታሉ ሐኪም ራጊን ይባላል። ጨዋ፣ የተማረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ዋርዱ እስር ቤት መሆኑን፣ ኒኪታ እንደሚማታ ያውቃል። ግን የሰው ሰላም ያለው በራሱ ውስጥ ነው፣ ሙቅ ቤትና ይህ ክፍል ልዩነት የላቸውም እያለ ይፈላሰፋል። ከሕሙማኑ አንዱ፣ ግሮሞቭ የሚባለው፣ አንተ ተመትተህ ስለማታውቅ ነው ይለዋል። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ አብዷል ተብሎ እዚያው ክፍል ተዘጋበት። ልውጣ ብሎ በሩን ሲደበድብ ኒኪታ በቡጢ ፊቱን አለው። በማግስቱ ሞተ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሐኪም አንባቢ ነው! የደመወዙን ግማሽ ለመጽሐፍ ያወጣል። ከስድስት ክፍሎቹ ሦስቱን የሞሉት መጻሕፍት ናቸው። ሕሙማኑ ከግቢው ማዶ እየተደበደቡ እሱ ማታ ማታ ቮድካውን እየተጎነጨ ያነባል። እኔም ከዚያች የብረት በር ሃምሳ እርምጃ ርቄ፣ በፋኖስ፣ ስለ እሱ አነባለሁ። መጽሐፍ ሰውን ደግ ያደርጋል የሚል ንግግር በሰማሁ ቁጥር ራጊን ይመጣብኛል። ደግነቱ፣ ይህን የነገረኝም መጽሐፍ ነው።

በማግስቱ ሌሊት ተነሥቼ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። መርፌ ሳልይዝ ስመጣ ያየችኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር መሰለኝ፣ ወደ ጥጉ ሸሸች። በሩ ላይ ተቀምጬ ስሟን ጠየቅኋት። ዝም። በሁለተኛውም ሌሊት ዝም። በአራተኛው ቀን ቀና ሳትል ስሟን ነገረችኝ፤ የአባቷን ስም፣ የአገሯንም ጨምራ። ካርዷን አውጥቼ «ያልታወቀ» የሚለውን ሰርዤ ጻፍኩ። ስሟን እዚህ አላሰፍርም፤ ታካሚዬ ናት። ተአምር አልተፈጠረም። መጮኋን አላቆመችም፤ መርፌውም አልቀረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪና ተገኝቶ ተወሰደች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደደረሰባት አላውቅም። ነገር ግን ከሷ በኋላ እዚያ ክፍል የገባ ሰው እኔ ተራ እያለሁ ስም ሳይጠየቅ አላደረም።

መጽሐፉን በ1976 ዓ.ም. ስዛወር ለተተካችው ነርስ ትቼላት መጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሞስኮ ጥራዝ ባየሁ ቁጥር እጎነበሳለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከክምሩ ሥር አገኘሁት። ያው ታሪክ፣ ሌላ ሽፋን። ልጁ ርዕሱን አየና «የሙያ መጽሐፍ ነው አይደል፣ ሲስተር?» አለኝ። አዎ ብዬ ሠላሳ ብሬን ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ስለዚያ ጥቁር ፌስታል ላስረዳ፤ ልጄ ትስቅብኛለችና። አሮጌ መጽሐፍ በቀጥታ መኝታ ቤት አይገባም። ትኋን በጥራዝ ጀርባ ውስጥ መደበቅ ይችላል፤ ሳይበላም ወራት ስለሚቆይ ፌስታል ውስጥ ማሰሩ ብቻ አይበቃም። እኔ ፀሐይ ያለበት ቀን በረንዳ ላይ ከፍቼ አሰጣዋለሁ፣ የጥራዙን ጎድጓዳ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ሽፋኑን በደረቅ ጨርቅ እወለውላለሁ። ሻጋታ የሚሸት ከሆነ አስም ያለበት ሰው ባይነካው ይሻላል። ስትገዙ ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ መኖሩን እዩ፤ ከመሐልም አሥራ ስድስት ገጽ ያህል ዘሎ የሚሄድ አለ። አንድ ጊዜ የግድያ ታሪክ ገዝቼ ገዳዩ የሚገለጽበት ክፍል ተገንጥሎ አገኘሁት። እስከ ዛሬ የምጠረጥረው ወንድምየውን ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን መጽሐፉ ሳይኖር ገጹ ብቻ ሲገኝ ነው። ስንት መጽሐፍ በቆራሌው በኩል በኪሎ እየሄደ መጠቅለያ እንደሚሆን የምታውቁት ነው። አንድ ቀን የገዛሁት ቆሎ የተጠቀለለበት ወረቀት የአማርኛ ልብ ወለድ ገጽ ሆኖ ተገኘ፤ አንዲት ሙሽራ በቅሎ ላይ ሆና ዕንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች፣ ለምን እንደምታለቅስ የሚናገረው በሚቀጥለው ገጽ ነው። ወደ ባለ ቆሎዋ ተመልሼ ብጠይቃት፣ የቀረውን ጠቅልላ ሸጣዋለች። ገጹን አስቀምጬዋለሁ።

ሉ ሹንን ያገኘሁት አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ስሠራ ነው። ፔኪንግ የታተመ ቀጭን የአጫጭር ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው፤ የገዛሁት ስሙ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው ብል ማን ያምነኛል? ቻይናዊው ሉ ሹን ጃፓን ሄዶ ሕክምና ተምሮ ሳይጨርስ የተወና ወደ ጽሕፈት የዞረ ሰው ነው። ልጅ ሳለ የታመመ አባቱን ለማዳን የቤቱ ዕቃ እየተያዘ ውድ ውድ መድኃኒት ይገዛ ነበር፤ አባቱ ግን አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣው «መድኃኒት» በተባለው ታሪኩ፣ አንድ ሻይ ቤት ያለው አባት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሌሊት ይወጣል። የሚገዛው በሞት በተቀጣ ሰው ደም የተነከረ ዳቦ ነው፤ ነቀርሳ ለያዘው ልጁ። ልጁ ይበላል፤ ይሞታል። ደሙ የተሸጠው ወጣት ደግሞ ለእነዚያው ሰዎች መብት ሲል የሞተ አብዮተኛ ነው።

በዚያ ሰሞን ክፍሌ የሚመጡ ብዙዎቹ ከብዙ ቦታ ተንከራትተው፣ ያላቸውን ጨርሰው፣ ዘግይተው የሚመጡ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እቆጣቸው ነበር። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» የዘወትር ንግግሬ ነበር። ያንን አባት ካነበብኩ በኋላ አፌ ታሰረ። ብሩን ኪሱ ላይ እየዳሰሰ በጨለማ የሚሄደው ሰው ልጁን የሚወድ ሰው ነው። ጥያቄዬን ቀየርኩት፤ «ምን ምን ሞከራችሁ? ስንትስ አወጣችሁ?» እል ጀመር። እንደዚያ ስጠየቁ ይነግሩኛል፤ የነገረኝ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለመጨረስ ይመለሳል። ቢያንስ እኔ ያየሁት እንዲያ ነው።

የአገሬን ሰው በባዕድ ቋንቋ ያወቅሁበትም ጊዜ አለ። የእንግሊዙ ሃይነማን ያሳትማቸው የነበሩት የአፍሪካ ደራስያን መጻሕፍት ብርቱካናማ ጀርባቸው ከሩቅ ያስታውቃል። አንዱን ሳነሣ «ዘ አፈርሳታ» ይላል፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም፣ እ.ኤ.አ. 1969። ሣህለ ሥላሴን የማውቃቸው «መከረኞቹ»ን እና «የሁለት ከተሞች ወግ»ን ወደ አማርኛ በመመለሳቸው ነበር። ራሳቸው ደራሲ መሆናቸውን አላወቅሁም። አንድ ጎጆ ይቃጠላል፤ የአካባቢው ሰው ያቃጠለውን ለማውጣት በየጊዜው አፈርሳታ ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያሳየናል። ገና በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣው ሌላው መጽሐፋቸው በመጀመሪያ የጻፉት በቸሃ ነው። የሰውን አገር ታሪክ ያስነበቡኝን ሰው የራሳቸውን አገር ታሪክ በእንግሊዝኛ ሳነብላቸው ትንሽ አፈርኩ።

አሁን ወደ ብርቱካናማዎቹ ሁሉ ወደምወደው ልምጣ።

ባለቤቴ ያረፈው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሳይታመም፣ በድንገት። አርባው ሳይወጣ ከባንክ ሰው መጣና የማላውቀውን ነገር ነገረኝ፤ ባለቤቴ ለወንድሙ ንግድ ብድር ዋስ ሆኖ ቤታችንን አስይዟል። ሁለታችንም በደመወዛችን ሃያ ዓመት ቆጥበን የሠራነው ቤት ነው። ካርታው ግን በስሙ ነበር። እኔም የፈረምኩበት ወረቀት አለ፤ «የውኃ ቆጣሪ ጉዳይ ነው» ብሎ ያስፈረመኝ። ይህን ለማን ልንገር? ለቅሶ ቤት ውስጥ የሞተን ሰው ማማት ነውር ነው። ልጆቹ አባታቸውን ይወዳሉ። እኔም እወደው ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

ወራት ካለፉ በኋላ፣ ጥቁሬን ሳላወልቅ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሳልፍ እግሬ ከለመደበት ቆመ። ያን ጊዜ «ማንኛውም 15 ብር» ነበር። ቀጭን ስለሆነች ያነሣኋት መጽሐፍ የሴኔጋሏ ማሪያማ ባ ናት፤ ርዕሷ «ይህን ያህል ረጅም ደብዳቤ» እንደ ማለት ነው። ማሪያማ ባ አስተማሪ ነበረች። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያውን የኖማ ሽልማት አገኘ፤ እሷ በ1981 አረፈች። ስሟን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም።

አንዲት ሴት ባሏ በድንገት ሞቶባት፣ በሐዘን ተዘግታ ባለችበት ጊዜ፣ ለልጅነት ጓደኛዋ ትጽፋለች። አሥራ ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ ከመሞቱ ዓመታት በፊት የልጃቸውን የትምህርት ቤት ጓደኛ በላይዋ ላይ አግብቶ ሄዷል። ለቀስተኛው ሲሰበሰብ ሁለቱ ሚስቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ የእኔ ታሪክ አይደለም፤ ባለቤቴ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ግን ጥቂት ገጽ እንደሄድኩ፣ ሟቹ ለአዲሷ ሚስት ቤት መግዣ የምትኖርበትን ቤት አስይዞ መበደሩን፣ ካርታው በስሙ ብቻ ቢሆንም ቤቱ የተገዛው በሁለታቸው ቁጠባ እንደሆነ ስትጽፍ ደረስኩ። መጽሐፉን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዳካር ያለች ሴት ወረቀቴን ያነበበችብኝ መሰለኝ።

ከእኔ በፊት መጽሐፉን ያነበበ ሰው ነበር። በዚያው ገጽ ዳር ላይ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ በትንንሽ ፊደል «እኔም» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደሆነች አላውቅም። ሴት ናት ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ዋሽንግተን ላለችው የነርስ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ በእጄ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩላት። በስልክ ስንነጋገር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት ሌላ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ሁለተኛ፣ የባሌን ወንድም ቤቴ ጠርቼ ቡና አፍልቼ፣ ልጆቼ ባሉበት ነገሩን አወጣሁት። ልጄ አለቀሰች፤ ለሁለት ወር ያህልም አኮረፈችኝ። የአባቷን ስም ያጠፋሁ መስሏት። ወንድምየው ከፊሉን ከፈለ፤ የቀረውን ለመክፈል ቤቱን ሸጠን ነው ወደዚህ ኮንዶሚኒየም የገባነው። ስለዚህ ቤቱ ጠበበ ስትለኝ ለምን እንደጠበበ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለ ርካሽ መጽሐፍ ይህን ያህል ካወራሁ አንድ የሚከነክነኝን ነገር መደበቅ የለብኝም። ከአሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ ደራሲው አምስት ሳንቲም አያገኝም። ለቼኮቭ ግድ የለም፤ በሕይወት ላለ የአገሬ ደራሲ ግን ግድ ይለኛል። ስለዚህ የማላውቀውን ሰው በሠላሳ ብር ሞክሬ ከወደድኩት፣ ቀጣዩን መጽሐፉን እንደምንም አጠራቅሜ አዲሱን እገዛለሁ። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ አዲስ መስሎ የሚሸጠውን ግን በነፃ ቢሰጡኝ አልነካም፤ እሱ ሌብነት ነው። ልጁም ያውቀኛል፤ እንዲህ ያለውን ከእኔ ፊት ይሸፍነዋል።

እሑድ ማታ ልጄ ከጓዳ ወጥታ ፌስታሉን ራሷ ወደ በረንዳ አወጣችልኝ። ሲመሽ ደግሞ መደርደሪያው ፊት ቆማ አየኋት። ብርቱካናማዋን ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ ይዛለች። «ይቺ ስለ ምንድን ነች?» አለችኝ። ደብዳቤ ናት አልኳት። ክፍሏ ይዛት ገባች፤ እስከ ዛሬ አልመለሰችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። «እኔም» የሚለው ላይ ደርሳ እንደሆነ አላውቅም።

ልጁ ማክሰኞ ደውሎልኝ ነበር። አንድ አዛውንት አርፈው ቤተሰቡ ቤቱን ሲያጸዳ ሦስት ማዳበሪያ መጽሐፍ ገዝቷል፤ ገና አልፈታውም፣ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈረንሳይኛም አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዱካዋን አውጥቶ ይጠብቀኛል።